ፍሬኑ ደህና ነበር

ሰፈርተኛው «አባ ቀስበቀስ» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድተው፣ አንድም ሰው ሳይገጩ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ስሙ የወጣላቸው፣ ተሳፋሪ «ኧረ ንዱት እንጂ! ሊመሽ ነው!» እያለ ሲነዘንዛቸው በመስታወቱ አሻግረው እያዩ «ቀስ በቀስ ነው ልጄ፤ ቸኩሎ ከመቅረት ዘግይቶ መድረስ ይሻላል» ስለሚሉ ነው። አውቶቡሱን ካስረከቡ በኋላም ሹፌርነቱ አልለቀቃቸውም። መኪና የገዛ ጎረቤት መጀመሪያ የሚያሳየው ለእሳቸው ነው። ሞተሩ የሚያጉረመርምበት፣ መሪው የሚንቀጠቀጥበት ሁሉ እሳቸው ደጅ ይቆማል። እሳቸውም ኮፈኑን አስከፍተው፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው፣ የልብ ትርታ እንደሚሰማ ሐኪም «እስቲ ነዳጅ ስጠው» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜም በሽታውን ያገኙታል።

ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ከአንድ ልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ነው። ልጃቸው የመንገድ ሥራ ቀያሽ ነው፤ ወሬውንም ቁጣውንም በሜትር ለክቶ የሚያወጣ ሰው። ምራታቸው ልብስ ሰፊ ናት። ለሆስፒታልና ለትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ትሰፋለች፤ ጥቅሉን የምታደርሰውም ራሷ ሰፍታ ባገኘችው ገንዘብ በገዛቻት አሮጌ መኪና ነው። «በመርፌ ቀዳዳ ያሾለክኳት» ትላታለች መኪናዋን። መንዳት ያስተማሯት አማቷ ናቸው። ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ መሪ የያዘች ቀን ጣቶቿ ደም እስኪያጡ ድረስ ጨምድዳው ነበር፤ «መሪው የትም አይሄድም ልጄ፣ አንገቱን ልቀቂለት» እያሉ ስንት ጊዜ አሳቋት። መንጃ ፈቃዷን ይዛ የመጣች ዕለት እንደ ሕፃን እየዘለለች ግቢውን ዞረችው። ከዚያ ወዲህ ማንም ስለ አነዳዷ ሲያመሰግናት መልሷ አንድ ነው፦ «ያስተማሩኝ እኮ አባባ ናቸው!»

አንድ ቀን ጠዋት ጥቅሎቿን ጭና፣ ሞተር አስነስታ፣ ተመልሳ ወረደች። አባ ቀስበቀስ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«አባባ፣ አንዲት ቀይ መብራት አልጠፋ አለችኝ።»

«የትኛዋ?»

«ክብ ሆና መሐሏ ቃለ አጋኖ ያለባት።»

ተነሡ። መኪናዋ ውስጥ ገብተው የእጅ ፍሬኑን ሳቡት፣ መለሱት፤ አሁንም ሳቡት፣ ለቀቁት። መብራቷ ፍንክች አላለችም። «የእጅ ፍሬኑ ሳይመለስ ቀርቶ ቢሆን አሁን ትጠፋ ነበር» አሉ። ወርደው ኮፈኑን ከፈቱና የፍሬን ዘይት ወደሚቀመጥባት ነጭ ዕቃ አጎነበሱ። ዘይቱ ከታችኛው መስመር በታች ነው። ይህን ያወቁት ግን አይተው አይደለም፤ መስመሩ ከደበዘዘባቸው ስለቆየ ዕቃዋን ወዝወዝ አድርገው፣ በድምፁ ነው።

ከዚህ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበት እንደ ስማቸው ያውቁታል። የፍሬን ዘይት እንደ ነዳጅ አይነድም፣ እንደ ውሃም አይተንም። በሩ የተዘጋ ቤት ነው። ከጎደለ፣ ወይ የፍሬኑ ሸራ ተበልቶ አልቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ በር ተከፍቶ እየወጣ ነው። አውቶቡስ ጣቢያ ሳሉ አዲስ ለሚቀጠሩት ሹፌሮች ጣታቸውን ቀስረው የሚሏት ነገር ነበረች፦ «ዘይት ከመጨመርህ በፊት የት እንደሄደ ጠይቀው!»

ለመጠየቅ ደግሞ አራቱም ጎማ ሥር መንበርከክ ያስፈልጋል። ጉልበታቸው እንደ ድሮው አይደለም፤ ከተንበረከኩ ለመነሣት የሚጨብጡት ነገር ይፈልጋሉ። ዓይናቸውም፣ ቢንበረከኩ እንኳ፣ በጭቃና በዘይት መካከል ያለውን ልዩነት መለየቱን እንጃ። ይህን ለማንም አልነገሩም። ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ልጃቸው ራት ላይ «አባባ፣ አሁንስ ዓይንህም የደከመ ይመስለኛል፤ የሰው መኪና መነካካቱን ብትተው» ሲላቸው እንዲያውም ተቆጥተው፣ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ነበር የተነሡት። ታዲያ አሁን ምራታቸው ፊት ተንበርክከው፣ ተነሡ ተብለው ሊደገፉ?

ከጓዳ አሮጌ የፍሬን ዘይት ጠርሙስ አመጡና ሞሉት። ሞተሩ ሲነሣ ቀይዋ መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች።

«ጠፋች!» አለች ምራታቸው እጇን አጨብጭባ። «ምን ሆና ነበር?»

«ጠምቷት ነዋ» አሉ ክዳኑን እየከደኑ።

«እርስዎ ባይኖሩ ምን እሆን ነበር! እጅዎ ይባረክ።»

ምርቃቱ ጣፈጣቸው። ቀኑን ሙሉ ሲጣፍጣቸው ዋለ።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ እንደገና መጣች። መብራቷ ኩርባ ላይ ስትዞር ብልጭ ትላለች፣ ቀጥ ስትል ትጠፋለች። ሁለተኛው ጊዜ ይህ ነበር፤ ኋላም እንቅልፍ የነሳቸው ይህኛው ነው። የመጀመሪያውን ስህተት ነው ሊሉት ይችሉ ነበር። አሁን ግን ጠርሙሱን አዘቅዝቀው ሳሉ እጃቸው ቆመ። በሁለት ሳምንት ይህን ያህል ዘይት የሚሄድበት መንገድ እንደሌለ እጃቸው ራሱ ያውቃል።

«ምነው አባባ?»

«ምንም። አርጅታለች፤ የሽማግሌ ነገር፣ መጠጣት ታበዛለች» አሉ። ምራታቸው ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። በልባቸው ግን «ነገ ብቻዬን ሆኜ ጎማዎቹን አያቸዋለሁ» አሉ። ነገ ሲመጣ ጉልበታቸው ቆረጠማቸው። ከነገ ወዲያ ጎረቤት ጠራቸው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከአእምሯቸው ወጣ።

አደጋው የደረሰው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የሆስፒታሉን ልብስ ጭና ወደ ገበያው የሚወርደውን ቁልቁለት ስትወርድ ነው። ቀይዋ መብራት ቦግ አለች። ምራታቸው ፍሬኑን ረገጠችው፤ ፔዳሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ እግሯ ሥር ተኝቶ ቀረ። አማቷ እንዳስተማሯት ደጋግማ ረገጠች። ማርሽ ቀነሰች። የእጅ ፍሬኑን ሳበች፤ መኪናዋ ትንሽ ተንገራገጨችና መውረዷን ቀጠለች። ታች፣ ቁልቁለቱ እግር ሥር፣ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ተሰልፏል። ከሰልፉ ወዲህ አንድ ቤት እየተሠራ ደጁ ላይ አሸዋ ተቆልሏል፤ ከአሸዋው አጠገብ መጥረጊያ ሻጭ ዕቃውን አቁሟል። ጥሩምባዋን እየነፋች መሪውን ወደ አሸዋው አዞረችው። መጥረጊያ ሻጩ ዘልሎ አመለጠ፤ መጥረጊያዎቹ ግን እንደ ገለባ ተበተኑ። መኪናዋ አሸዋው ውስጥ እስከ መብራቷ ተቀብራ ቆመች። ምራታቸው ግንባሯ አብጦ፣ ግራ እጇ ወለም ብሎ ወረደች። ሌላ የተጎዳ ሰው የለም።

ልጃቸው ሚስቱን ይዞ ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገውን አደረገ፤ ተቆጣ።

«ምን ነክቶሽ ነው? ሰልፉ ላይ ብትገቢ ኖሮስ?»

«ፍሬኑ አልይዝ አለኝ እኮ ነው የምልህ! ረገጥኩት፣ ገባ፣ ቀረ።»

«ፍሪሲዮኑን ረግጠሽ ይሆናላ። ደንግጠሽ እግርሽን አሳስተሽ ይሆናል።»

«ፍሬኑን ነው የረገጥኩት» አለች። እግሯን አየችና «መሰለኝ» አለች። ከዚያ ወደ አማቷ ዞረች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩት። በቀደም ያዩት እርስዎ ነዎት። ፍሬኑ ደህና ነበር? ወይስ እኔ ነኝ?»

ልጃቸው አያቸው። ምራታቸው አየቻቸው። «አላየሁትም፤ ዘይት ብቻ ነው የጨመርኩት» ማለት ስድስት ሰባት ቃል አይሞላም። ነገር ግን ከምላሳቸው ላይ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ደህና ነበር» አሉ።

ምራታቸው አንገቷን ደፋች። «እንግዲያው እኔ ነኛ» አለች በቀስታ። የመኪናውን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ለባሏ ሰጠችው። «ከእንግዲህ አልነካትም። ሽጣት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ለአዛውንቱ እሾህ ሆነባቸው። ጠዋት ጠዋት ምራታቸው የታሰረ እጇን በደረቷ አድርጋ፣ በደህናው እጇ ጥቅል አንጠልጥላ በእግሯ ስትወጣ በመስኮት ያያሉ። የስፌት መኪናው ድምፅ እንኳ ተለውጧል፤ ትንሽ ይሄድና ይቆማል፣ ትንሽ ይሄድና ይቆማል። አንድ ቀን ፀጉር ሊስተካከሉ ቢሄዱ ፀጉር ቆራጩ አንገታቸው ላይ ጨርቁን እያሰረ «ሰማን እኮ አባ ቀስበቀስ! እርስዎ የሠለጠኑበትን ቁልቁለት ምራትዎ በአሸዋ ደለደለችው አሉ» አላቸው። ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። አንዱ «ሴትና መሪ!» አለ። እሳቸው መስታወቱ ውስጥ የራሳቸውን ፊት እያዩ ዝም አሉ። ዝምታቸውን ሰው እንደ አስተዋይነት ቆጠረላቸው። «አይ፣ ጨዋ ሰው፤ የቤቱን ገመና አያወጣም» ሲባል በጆሯቸው ሰሙ። ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

ግን የባሰው ይህ አልነበረም። የባሰው የመጣው፣ አንድ ከሰዓት ምራታቸው ሻይ ይዛላቸው መጥታ፣ ከመውጣት ይልቅ በሩ ላይ የቆመች ጊዜ ነው።

«አባባ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ፈልጌ ነው።»

«ለምኑ?» አሉ።

«ያን ያህል ደክመው አስተምረውኝ፣ ስምዎን አሰደብኩ። ሰው ሁሉ ‹ያስተማሯት እሳቸው አይደሉ› ነው የሚለው። አዝነውብኛል፤ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔን እንኳ አያዩትም።»

ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። «ኧረ ተይ ልጄ» ብቻ ወጣቸው። እሷም እንደ ምሕረት ቆጥራው፣ ፈገግ ብላ ወጣች። ሻዩን አልጠጡትም። ግድግዳውን እያዩ፣ «ሽበት ያወጣሁት ለዚህ ነው?» አሉ ለራሳቸው።

በማግስቱ ልጃቸው ሥራ ሄዶ፣ ምራታቸው ጥቅል ልታደርስ እንደወጣች፣ ተጎትታ መጥታ ግቢው ጥግ ወደቆመችው መኪና ሄዱ። ኮታቸውን አውልቀው አጥፈው መሬት ላይ አነጠፉና ተንበረከኩ። ጉልበታቸው ጮኸ። ከቀኝ የኋላ ጎማ ጀመሩ፤ ዓይናቸውን ስላላመኑት በእጃቸው ነው የዳሰሱት። ደረቅ አቧራ። እየዳሁ ዞሩ። የግራው የኋላ ጎማ ከውስጥ በኩል ርሷል። ጣታቸውን አሸተቱት። የፍሬን ዘይት ሽታ አይጠፋቸውም። መጀመሪያ ቀን ቢንበረከኩ ኖሮ፣ ዓይን ሳያስፈልግ፣ ይህችው ጣት ትነግራቸው ነበር።

ሲነሡ ስልክ ደወሉ። የደወሉት አውቶቡስ ጣቢያ አብሯቸው ለሠራው መካኒክ ነው። ዕድሜውን በሞተር ጩኸት ውስጥ ስለጨረሰ ጆሮው ደክሟል፤ ስለዚህ ምስጢር የሚያወራውም እየጮኸ ነው። ሰው «ሬዲዮ» ይለዋል። ሬዲዮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ክሪኩን ተሸክሞ መጣ፤ ልጃቸውም ምራታቸውም ቤት ነበሩ። ልጃቸው የሰው ድምፅ ሰምቶ ወጣ፤ «ቆርቆሮዋን የሚያቀና ባትላሜራ ነው የሚያስፈልጋት እንጂ መካኒክ ምን ይሠራላታል?» አለ። ሬዲዮ አልሰማውም። መኪናዋን በክሪክ አነሣ፣ ጎማውን ፈታ፣ ከጎማው ጀርባ ያለውን ክብ የፍሬን ታምቡር በመዶሻ እየመታ አወለቀው። ከውስጡ ጥቁር ዘይት ዱብ ዱብ አለ።

«ይኸውልህ!» ብሎ ጮኸ ሬዲዮ። «በጎማው ውስጥ ያለችው ትንሿ ፓምፕ ላስቲኳ አርጅቶ ታፈሳለች። ሸራውን ተመልከተው፤ ዘይት ጠጥቶ ጠጥቶ ቅቤ ሆኗል! የእጅ ፍሬኑ በምን ይያዝ? ይህ ደግሞ የአንድ ቀን አይደለም፤ ሳምንታት ያስቆጠረ ነው። መብራቷስ ይሄን ሁሉ ጊዜ አልበራችም?»

ልጃቸው ቀረብ ብሎ አየ። ፊቱ ተለወጠ። «እንግዲያው ፍሬን አልነበራትም ማለት ነው?» አለ።

«ምን ፍሬን አለ! የበረደ ሾርባ ላይ ነበር የምትረግጠው!» አለ ሬዲዮ። «ማነው ግን ይሄን ዘይት እየጨመረ መብራቷን ሲያጠፋ የከረመው? ያችው ልጅ ናት? አለማወቅ እኮ—»

ምራታቸው በሩ ላይ ቆማ ነበር። ድንጋጤው ከፊቷ ሳይጠፋ «እኔ—» ብላ ጀመረች፤ እንደለመደችው ራሷን ልትወቅስ።

«እኔ ነኝ» አሉ አባ ቀስበቀስ።

ሬዲዮ እጁን ወደ ጆሮው አስጠጋ። «ማን?»

እንግዲህ ውርደት ሲመጣ እንዲህ ነው፤ ሁለቴ ያስናግራል። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣ «እኔ ነኝ!» አሉ። «ሁለት ጊዜ መጥታ ነግራኛለች። ሁለቱንም ጊዜ ጎማውን ሳላይ ዘይት ሞልቼ ሸኘኋት። ሁለተኛው ጊዜ ላይ እንደሚያፈስ ገብቶኛል። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ፣ ዓይኔም ከዓመት በላይ ሆኖታል ከደበዘዘ፣ ሰው እንዳያውቅብኝ ብዬ ነው። እሷ ምንም አላጠፋችም። እንደውም ያን ሁሉ ሰው ያዳነችው እሷ ናት።»

ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህ» አለ፤ መፍቻውንም በጨርቅ ጠረገ። እንዲህ ያለውን ጥፋት ከእኚህ ሰው አይጠብቅም ነበር።

ልጃቸው አባቱን ትንሽ አየና ዓይኑን ሰበረ፤ አዛውንቱን ያመማቸው ይህ ዓይን መስበር ነው፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላቸው ነበር። ምራታቸው ግን ቀስ ብላ ወደ እሳቸው መጣች።

«ዘይቱስ ይሁን» አለች። «ሰው ይሳሳታል፣ ሰው ይደክማል። ግን ጠየቅኩዎት አባባ። እዚያ ቆሜ፣ እያለቀስኩ፣ ጠየቅኩዎት። ‹ደህና ነበር› አሉኝ።»

«አዎ ልጄ።»

«እግሬ የረገጠውን እኔው ራሴ እስክጠራጠር ድረስ።»

«አዎ።»

ዞራ ወደ ቤት ገባች፤ ባሏም ተከተላት። ከመስኮቱ የልጃቸው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ በሜትር ያልተለካ፣ የሚቆራረጥ ድምፅ። «እኔም አላመንኩሽም» ሲል ሰሙ። የቀረውን ላለመስማት ወደ መኪናዋ ዞሩ።

ሬዲዮ አዲስ ፓምፕና አዲስ ሸራ ገጠመ። የሌሎቹንም ጎማዎች ከፍቶ አየ። ቀጥሎ በፍሬኑ ቱቦ ውስጥ የገባው አየር መውጣት አለበት፤ ለዚህ አንድ ሰው ፔዳሉን መርገጥ፣ አንድ ሰው ዘይት መጨመር፣ መካኒኩ ደግሞ ታች ሆኖ ማውጫዋን መክፈትና መዝጋት ይኖርበታል። አባ ቀስበቀስ ጠርሙሱን ይዘው ኮፈኑ ጋ ቆሙ። ማን ይርገጥ? ልጃቸውን ሊጣሩ ሲሉ የመኪናዋ በር ተከፈተ። ምራታቸው ናት። እሳቸውን ሳታይ ገብታ ተቀመጠች፤ የታሰረ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ርገጪ!» ጮኸ ሬዲዮ ከሥር። ረገጠች። «ያዢ! እንዳትለቂ!» ከቀጭኑ ቱቦ አረፋ ያለው ዘይት ተንፎለፎለ። «ልቀቂ! ርገጪ! ያዢ!» አዛውንቱ ዕቃዋ ከመጉደሏ በፊት ይሞላሉ፤ ማየት ስላልቻሉ አንዲት ጣታቸውን ጠርዙ ላይ አድርገው፣ አሁን ሳያፍሩ በጣታቸው ነው የሚለኩት። ከአራቱም ጎማ አረፋው አልቆ ጥሩ ዘይት መውረድ ሲጀምር ሬዲዮ «አሁንስ?» አለ።

ምራታቸው ረገጠች። ፔዳሉ ትንሽ ገብቶ ቀጥ አለ። እንደገና ረገጠችው፤ እንደገና። እግሯን ሳታነሣ ብዙ ቆየች።

«ድንጋይ ሆነ» አለች፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም። ቁልፉን ስታዞር መብራቶቹ ሁሉ በሩ፤ ሞተሩ ሲነሣ ቀይዋ ከሌሎቹ ጋር ጠፋች።

አባ ቀስበቀስ በሳምንቱ ፀጉር ቆራጩ ቤት ሄደው፣ ሳይቀመጡ፣ የሆነውን ለተሰበሰበው ሁሉ ተናገሩ። የሳቀም የለም፤ አንዱ የበር መዝጊያውን ሲነካካ፣ ሌላው ስልኩን ሲያይ ቆዩ። መጥረጊያ ሻጩንም ፈልገው አገኙት። እሱ እንኳ ነገሩን አቅልሎ «አባቴ፣ ያን ቀን እንደዘለልኩት ወጣት ሳለሁም ዘልዬ አላውቅ» ብሎ አሳቃቸው። ከዚያ ወዲህ መኪና ይዞ ደጃቸው የሚቆም ሰው ሲመጣ፣ «እኔ አላይም፤ ሬዲዮ ጋ ውሰደው» ይላሉ። አንዳንዱ ይቀየማቸዋል፤ ይቀየም።

ምራታቸው እንደ ድሮው ለመሆን ጊዜ ፈጀባት። ታከብራቸዋለች፣ ሻያቸውን ታቀርባለች፤ ቀልዱ ግን ቀረ። «ያስተማሩኝ አባባ ናቸው» የሚለውን ንግግሯን ከዚያ በኋላ አልሰሙትም፤ ለመስማትም መብት ያላቸው አልመሰላቸውም።

የዓይናቸው ሞራ የሚገፈፍበት ቀን ሲደርስ ልጃቸው መስክ ላይ ስለነበር፣ ወደ ሆስፒታሉ የወሰደቻቸው እሷ ናት። መንገዱ በገበያው ቁልቁለት ነው። ጫፉ ላይ ሲደርሱ አዛውንቱ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ወደ ታች ጣሉ። ምራታቸው ማርሽ ቀነሰች፤ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍሬኑን በስሱ ነካችው። መኪናዋ ረጋ አለች።

«ይይዛል አባባ» አለች መንገዱን እያየች። «ቀና ይበሉ።»

ቀና ለማለት ሞከሩ። ዓይናቸው የደበዘዘ መንገድና የደበዘዘ ሰው ብቻ ነው የሚያሳያቸው፤ አንገታቸውን የከበደው ግን ዓይናቸው አልነበረም።